ሚዛኑ የሚነግረንና የማይነግረን፦ የሰውነት ክብደት ከወጣትነት እስከ እርጅና

መግቢያ

ለዓመታት በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በተለይም በካዛንቺስና በዙሪያው ባሉት የእግረኛ መንገዶች የተመላለሰ ሰው፣ አነስተኛ የሰው ሚዛን ከፊታቸው አኑረው ‹‹ኪሎ ይመዘኑ!›› እያሉ መንገደኛውን የሚጋብዙ ልጆችን ማስታወሱ አይቀርም። መንገደኛው ሳንቲም ይከፍላል፤ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ቦርሳውን ሳያስቀምጥ ይወጣበታል፤ ቁጥሩን ያነብባል፤ ከዚያም ወይ ፈገግ ብሎ ወይ ግንባሩን ቋጥሮ መንገዱን ይቀጥላል።

እኛም በዚህ ዓይነት ሚዛን ላይ ሁለት ጊዜ ቆመናል። የመጀመሪያው በተማሪነት ዘመናችን፣ ከካዛንቺስ ወደ አራት ኪሎው ሳይንስ ፋኩልቲ በእግራችን እንመላለስ በነበረበት ወቅት ነው። ያኔ የ22 ዓመት ወጣት ነበርንና ሚዛኑ 58 ኪሎ ግራም አሳየን። ሁለተኛው ውጭ አገር ተምረን ከተመለስንና ለዓመታት ካስተማርን በኋላ፣ በ45 ዓመታችን ነበር። በዚህ ጊዜ የሚዛኑ ቀስት 78 ላይ ቆመ። ባለ ሚዛኑ ልጅ ቁጥሩን አይቶ፣ ‹‹ጋሼ፣ ተመችቶዎታል ማለት ነው!›› ሲል አሞገሰን።

ለመሆኑ እነዚህ 20 ኪሎ ግራሞች ከየት መጡ? ብዙዎቻችን የምንሰጠው መልስ ‹‹ዕድሜ ነው›› የሚል ነው። ሰው ሠላሳን ሲያልፍ ሰውነቱ የበላውን ማቃጠል ይሳነዋል፣ ስለዚህም መወፈሩ የተፈጥሮ ግዴታ ነው ብለን እናምናለን። በዚህ ጽሑፍ ይህ እምነት ምን ያህል እውነት እንደሆነ እንመረምራለን። በምርመራችንም ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር በ20፣ በ45 እና በ70 ዓመት ዕድሜ አንድ ዓይነት ትርጉም እንደሌለው እንመለከታለን። የኋለኛውን ነገር እኛ ራሳችን የተማርነው ዘግይተን ነውና፣ አንባቢ ከእኛ ስሕተት ይማር ዘንድ ወደ መጨረሻው ላይ እንተርከዋለን።

ክብደትና መጠነ ቁስ

ከሁሉ አስቀድመን ሚዛኑ ምን እንደሚለካ እንወቅ። በዕለት ተዕለት ንግግራችን ‹‹ክብደቴ 78 ኪሎ ነው›› እንላለን። በፊዚክስ ቋንቋ ግን ኪሎ ግራም የመጠነ ቁስ መለኪያ ሲሆን፣ ክብደት ማለት መሬት ያንን ቁስ ወደ ራሷ የምትስብበት ጉልበት ነው። መጠነ ቁሳችን የትም ብንሄድ አይለወጥም፤ ክብደታችን ግን እንደ ቦታው ይለያያል። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ የመሬት ስበት በእርስዋ ላይ ከፓሪስ ይልቅ በ1,000 ውስጥ 3 እጅ ያህል ያነሰ ነው። በመሆኑም ፓሪስ ላይ የተስተካከለ ባለ ሞላ ሚዛን እንዳለ ወደ ካዛንቺስ ቢመጣ፣ 78 ኪሎ ግራም የሚመዝነውን ሰው ወደ ሩብ ኪሎ ግራም ያህል አሳንሶ ያሳየዋል። ሰውዬው ግን አንዳች አልከሳም።

ሁለተኛውና ዋነኛው ነገር ሚዛን በሰውነታችን ውስጥ ያለውን አጥንት፣ ጡንቻ፣ ውኃና ስብ ለይቶ የማይናገር መሆኑ ነው። የጡንቻ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 1.06 ግራም ገደማ ሲሆን፣ የስብ ደግሞ 0.9 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ግራም ስብ ከአንድ ኪሎ ግራም ጡንቻ ይልቅ ወደ 18 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ቦታ ይይዛል። አንድ ሰው ለአሥር ዓመታት 70 ኪሎ ግራም ላይ ቆሞ ሳለ ቀበቶው ሊጠብበው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። በሚዛኑ ላይ ያለው ቁጥር ባይለወጥም፣ ቁጥሩ የተሠራበት ነገር ተለውጧል።

እንደ መቶ ሻማ አምፖል

የሰውነትን ክብደት በሳይንሳዊ መንገድ ለረጅም ጊዜ ከተከታተሉት ሰዎች መካከል ቀደምት የሚባለው ጣልያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ነው። ሳንቶሪዮ በሚዛን ላይ የተንጠለጠለ ወንበር አሠርቶ፣ የሚበላውንና የሚጠጣውን፣ ከሰውነቱም የሚወጣውን ለ30 ዓመታት ያህል ሲመዝን ኖረ። ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1614 በመጽሐፍ አሳተመ። ያገኘው ነገር አስገራሚ ነበር፤ ከሚበላውና ከሚጠጣው ውስጥ ከፍተኛው ክፍል በዓይን በማይታይ መንገድ ከሰውነቱ ይጠፋል። ወዴት እንደሚጠፋ መልሱ የተገኘው ከአንድ ምዕተ ዓመት ተኩል በላይ ቆይቶ፣ ፈረንሳውያኑ ላቮዚዬና ላፕላስ በ1780ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ጊኒ ፒግ የተባለች ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጠው፣ ሙቀቷ ያቀለጠውን በረዶና የተነፈሰችውን አየር በለኩ ጊዜ ነው። ትንፋሽ ማለት ቀስ ብሎ የሚካሄድ መቃጠል መሆኑ በዚህ ታወቀ።

አንድ ጎልማሳ በቀን 2,400 ኪሎ ካሎሪ የሚያቃጥል ቢሆን፣ ይህ ወደ ጁል ተለውጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ላሉት ሰከንዶች ሲካፈል 116 ዋት ገደማ ይሆናል። እያንዳንዳችን በቀንም በሌሊትም ሳንጠፋ እንደምንበራ ባለ መቶ ሻማ አምፖል ነን ማለት ነው። ለዚህ አምፖል ምግብ ነዳጁ ነው። ከሚያስፈልገው የተረፈው ነዳጅ በስብ መልክ ይከማቻል፤ ከሚያስፈልገው ያነሰ እንደሆነ ደግሞ የተከማቸው ይቃጠላል። ኃይል ከምንም አይፈጠርም፤ ወደ ምንምም አይጠፋም። ይህ ሕግ ለባቡርም ለሰውም እኩል ይሠራል።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስሕተት እናርም። የሚከሳ ሰው ስቡ በላብ የሚወጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህም ከካዛንቺስ ብዙም በማይርቀው ፍልውሃ ወይም በሌላ የእንፋሎት መታጠቢያ ገብቶ ሲያልበው ‹‹ቀለለኝ›› ይላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለት የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ስሌት መሠረት፣ 10 ኪሎ ግራም ስብ ሙሉ በሙሉ ሲቃጠል 8.4 ኪሎ ግራሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ ቀሪው 1.6 ኪሎ ግራም ውኃ ይሆናል። ከእንፋሎት ቤት ስንወጣ የቀነሰው ውኃ ነው፤ ሁለት ብርጭቆ ውኃ ስንጠጣም ይመለሳል። በጾም መጀመሪያ ቀናት ክብደት ቶሎ የሚቀንሰውም በአብዛኛው በዚሁ ምክንያት ነው። ሰውነት በጉበትና በጡንቻ ያስቀመጠውን ግላይኮጅን የተባለ ስንቅ ሲያወጣ፣ ከእያንዳንዱ ግራም ጋር ወደ 3 ግራም የሚሆን ውኃ አብሮ ይለቃል።

እሳቱ በዕድሜ ይደክማልን?

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄያችን እንመለስ። የሰውነታችን እሳት ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይደክማል የሚለው አባባል እውነት ነውን? ይህን በትክክል ለመለካት ሰውን በዝግ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ በቂ አይደለም፤ በተለመደ ኑሮው ውስጥ እያለ መለካት ያስፈልጋል። የፊዚክስና የኬሚስትሪ ሊቃውንት ለዚህ ብልኃት አግኝተዋል። ሰውዬው ከባድ ሃይድሮጅንና ከባድ ኦክስጅን የያዘ ውኃ እንዲጠጣ ይደረጋል። ከባዱ ሃይድሮጅን ከሰውነት የሚወጣው በውኃ መልክ ብቻ ነው፤ ከባዱ ኦክስጅን ግን በውኃም በካርቦን ዳይኦክሳይድም ይወጣል። ስለዚህ ሁለቱ ከሰውነት የሚጠፉበትን ፍጥነት በሽንት ናሙና ለክቶ በማነጻጸር፣ ሰውዬው ምን ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደተነፈሰ፣ ከዚያም ምን ያህል ኃይል እንዳቃጠለ ማወቅ ይቻላል።

በዚህ ዘዴ ከ29 አገሮች ከተውጣጡ ከ6,400 በላይ ሰዎች የተሰበሰበው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ‹‹ሳይንስ›› በተባለው መጽሔት ላይ ወጥቷል። ከተለኩት መካከል የ8 ቀን ሕፃንም የ95 ዓመት አዛውንትም ነበሩ። ተመራማሪዎቹ የእያንዳንዱን ሰው የሰውነት መጠን በስሌት አስተካክለው ሲያዩት የሰው ልጅ ዕድሜ በአራት ክፍል ተከፈለላቸው። አንድ ዓመት የሞላው ሕፃን ከጎልማሳ ይልቅ 50 በመቶ ያህል የበረታ እሳት አለው። ከዚያ እሳቱ ቀስ በቀስ እየረገበ እስከ 20 ዓመት ይደርሳል። ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ጊዜ ግን በወንድም በሴትም፣ በእርግዝና ወቅትም ጭምር፣ ሳይለወጥ ይቆያል። መቀነስ የሚጀምረው ከ60 በኋላ ሲሆን፣ እርሱም በዓመት 0.7 በመቶ ያህል ነው።

እንግዲህ በ22 እና በ45 ዓመታችን መካከል እሳታችን አልደከመም። ‹‹ዕድሜ ነው›› የሚለው ምክንያት በእኛ ላይ አይሠራም ማለት ነው። ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

የአንዲት ማንኪያ ስኳር ሒሳብ

አንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ኃይል ይይዛል። የጨመርነው 20 ኪሎ ግራም ሁሉ ስብ ነው ብንል፣ የተከማቸው ኃይል 154,000 ኪሎ ካሎሪ ይሆናል። ይህን በ23 ዓመታት ውስጥ ላሉት 8,395 ቀናት ብናካፍለው በቀን 18 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ይደርሳል። ይህም ከአንዲት የሻይ ማንኪያ ስኳር ብዙም አይበልጥም። ታዲያ ከሻያችን አንዲት ማንኪያ ስኳር ብንቀንስ ኖሮ 58 ላይ በቀረን ነበርን? ብዙ ጽሑፎች እንዲህ ይላሉ፤ ነገር ግን ስሌቱ ጎደሎ ነው።

ጎደሎነቱን ለመረዳት ከታችኛው ጎኑ ቀዳዳ ያለውን ሮቶ እናስብ። ከላይ በቧንቧ ውኃ እየገባ፣ ከታች በቀዳዳው ይወጣል። የሚገባውን ውኃ ጥቂት ብንጨምር በሮቶው ያለው ውኃ ከፍ ይላል፤ ነገር ግን ከፍ ባለ ቁጥር ግፊቱ ስለሚበረታ በቀዳዳው የሚወጣውም ይጨምራል። በመጨረሻም የሚገባውና የሚወጣው እኩል ሲሆኑ ውኃው በአዲስ ከፍታ ይቆማል። ሰውነታችንም እንደዚሁ ነው። የወፈረ ሰው ያንን ተጨማሪ አካል ለማኖርና ለመሸከም ተጨማሪ ኃይል ያቃጥላል። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት እንዳስቀመጠው፣ በየቀኑ 100 ኪሎ ጁል (24 ኪሎ ካሎሪ ገደማ) የሚጨምር ሰው ክብደቱ በመጨረሻ በ1 ኪሎ ግራም ያህል ከፍ ብሎ ይቆማል። ከዚህ ለውጥ ግማሹ በአንድ ዓመት፣ አብዛኛው ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ይጠናቀቃል። ስለዚህ አንዲት ማንኪያ ስኳር የምታመጣው ለውጥ ከአንድ ኪሎ ግራም ያነሰ ነው። የ20 ኪሎ ግራም ልዩነት ለመፍጠርና ጠብቆ ለማቆየት ግን በቀን ወደ 480 ኪሎ ካሎሪ የሚደርስ የኑሮ ልዩነት ያስፈልጋል።

ይህን ልዩነት በራሳችን ኑሮ ውስጥ ፈለግነው፤ ለማግኘትም አልተቸገርንም። በተማሪነታችን በእግር የምንሄደው ደርሶ መልስ 6 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር እንበል። 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው በሜዳ ላይ 6 ኪሎ ሜትር ሲራመድ፣ ተቀምጦ ቢሆን ከሚያቃጥለው በላይ 180 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያወጣል። መንገዱ በድምሩ 50 ሜትር ሽቅብ የሚያስወጣ ቢሆን፣ ሰውነትን ወደዚያ ከፍታ የማንሣት ሥራ 29 ኪሎ ጁል ነው። ጡንቻ ከሚያቃጥለው ኃይል ውስጥ ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ስለሆነ፣ ይህ ሌላ 28 ኪሎ ካሎሪ ያስወጣል። በአጠቃላይ 200 ኪሎ ካሎሪ ያህል እንበለው። መምህር ሆነን በመኪና መመላለስ ስንጀምር ይህ ቀረ። ከምሳ ጋር የምንጠጣት አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 125 ኪሎ ካሎሪ አላት። የምግብ ቤት ወጥ ከቤት ወጥ በአንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ቢበልጥ 120 ኪሎ ካሎሪ ነው። በሥራ ቦታ በተጨማሪ የምንጠጣት አንዲት ስኒ ሻይ ከሁለት ማንኪያ ስኳር ጋር 32 ትጨምራለች። ድምሩ 477 ይሆናል።

ስሌቱ ግምታዊ መሆኑን አንክድም። ቁም ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ከ20ዎቹ ኪሎ ግራሞች በስተጀርባ ሆዳምነት የለም፤ የደከመ እሳትም የለም። የተቋረጠ የእግር መንገድ፣ አንዲት ጠርሙስ፣ አንድ ማንኪያ ዘይትና አንዲት ስኒ ሻይ እንጂ። እያንዳንዳቸው ወደ ኑሯችን የገቡት ቀስ ብለው፣ እንደ ዕድገትና እንደ ምቾት ተቆጥረው ስለነበር አላስተዋልናቸውም።

ከሰፈር እስከ አገር

ይህ የእኛ የግል ታሪክ ብቻ አይደለም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤቶችን ይሠራ ከነበረው ‹‹ኢንቺስ›› ከተባለ ተቋም ነው፤ ‹‹ካዜ ኢንቺስ›› ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ሰፈሩ ገና ሲወለድ የቢሮ ሠራተኛ ሰፈር ነበር ልንል እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1958 የተመሠረተው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫውን በዚያው አጠገብ አደረገ፤ ሆቴሎቹ፣ ቢሮዎቹና ምግብ ቤቶቹም ተከታተሉ። ብዙ ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚውልበት አካባቢ ሆነ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በኮሪደር ልማት ምክንያት የነባሩ ሰፈር ሰፊ ክፍል ፈርሶ፣ ብዙ ነዋሪዎች ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውረዋል። በአንድ በኩል የእግረኛ መንገዶቹ ሰፍተዋል፤ በሌላ በኩል ቀድሞ በእግሩ ወደ ሥራው ይሄድ የነበረ ሰው አሁን ረጅሙን መንገድ በአውቶቡስ ተቀምጦ ይጓዛል። የከተማ ቅርጽ ሲለወጥ የነዋሪው የኃይል ሒሳብም አብሮ ይለወጣል።

የአገሪቱ አኃዞችም ይህን ያመለክታሉ። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሚሆናቸው ሴቶች መካከል ከሚገባው በታች የከሱት እ.ኤ.አ. በ2000 ከነበረበት 30 በመቶ በ2016 ወደ 22 በመቶ ዝቅ ብለዋል። በዚያው ጊዜ ከሚገባው በላይ የወፈሩት ከ3 ወደ 8 በመቶ አድገዋል፤ በአዲስ አበባ የነበረው መጠን ደግሞ ከአገሪቱ አማካይ ከእጥፍ በላይ ነበር። አገራችን አንዱን ችግር ጨርሳ ወደ ሌላው አልተሻገረችም፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ተሸክማለች። ምግብ የጎደለው ልጅና ቦርጩ የገፋ አባት በአንድ መንገድ ይተላለፋሉ፤ አንዳንዴም በአንድ ቤት ያድራሉ።

ለውጡ ምን ያህል ፈጣን ሊሆን እንደሚችል በውጭ ከሚኖሩ ወገኖቻችን መማር እንችላለን። እ.ኤ.አ. በ1984 እና 1985፣ ኋላም በ1991 ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል የተጓዙት ቤተ እስራኤላውያን አገሩ ሲደርሱ አብዛኞቹ ቀጫጭን ነበሩ፤ የስኳር ሕመምም እምብዛም አይታይባቸውም ነበር። ጥቂት ዓመታት እንደቆዩ ግን ሕመሙ በመካከላቸው፣ በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር፣ በፍጥነት እንደጨመረ የዚያ አገር ሐኪሞች በጥናታቸው መዝግበዋል። የተለወጠው ደማቸው አልነበረም፤ ምግባቸው፣ ሥራቸውና እርምጃቸው ነበር።

ከስድሳ በኋላ፦ ሚዛኑ ሲዞር

እስከ አሁን ስለ መጨመር ተናግረናል። ከስድሳ ዓመት በኋላ ግን ጥያቄው ይገለበጣል። የጡንቻ መጠን ከ30 ዓመት በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ፣ ከ60 በኋላም ይህ እንደሚፈጥን ይታወቃል። ስለዚህ አንድ አዛውንት ክብደታቸው ሲቀንስ የሚሄደው ስብ ብቻ አይደለም፤ ከወንበር የሚያስነሣቸው፣ ሲደናቀፉ የሚያቆማቸው ጡንቻም አብሮ ይሄዳል።

በመግቢያችን ቃል የገባነውን ታሪክ የምንተርከው እዚህ ላይ ነው። አባታችን በካዛንቺስ የኖሩ ጡረተኛ የመንግሥት ሠራተኛ ነበሩ። በ68 ዓመታቸው ገደማ ቀበቶአቸው እየሰፋባቸው መጣ፤ አንድ አዲስ ቀዳዳ፣ ከጥቂት ወራት በኋላም ሌላ ቀዳዳ በምስማር በሱበት። እኛም ስለ ስብና ስለ ኃይል ሚዛን አዋቂ ነን ብለን ‹‹አባባ፣ ቦርጩ ጠፋ፤ ጎበዝ!›› አልናቸው። እሳቸውም ‹‹ጾሙ ነው፣ ዕድሜም ነው›› ብለው ሳቁ። ውኃ አብዝተው መጠጣታቸውንና ሌሊት ደጋግመው መነሣታቸውን ያስተዋሉት እናታችን ነበሩ። ‹‹ይህ ሰው የሚበላው እንደ ድሮው ነው፤ ታዲያ ወዴት ነው የሚሄደው?›› ሲሉ ጠየቁን። የፊዚክስ መምህሩ ልጃቸው ሊጠይቅ የሚገባውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ነበሩ። ሲመረመሩ የስኳር ሕመም ተገኘባቸው። ሰውነታቸው ስኳሩን መጠቀም ስላቃተው፣ ነዳጁ ሳይቃጠል በሽንት ይወጣ ነበር። ሕክምናውን ጀምረው ለዓመታት በደኅና ኖረዋል፤ ዓይናቸው ግን ከመታከማቸው በፊት መጎዳት ጀምሮ ነበር። በቀበቶው ላይ የተጻፈውን ብናነብብ ኖሮ ወራት በቀደምን ነበር።

ስለዚህ ይህን አጥብቀን እንናገራለን። ሳይፈልጉና ሳይሞክሩ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደታቸው 5 በመቶ የቀነሱ ሰው፣ ማለትም 60 ኪሎ ግራም የነበሩ ሰው 3 ኪሎ ግራም ቢያጡ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ይገባቸዋል። ምክንያቱ የስኳር ሕመም፣ የሳንባ ነቀርሳ፣ የእንቅርት ዕጢ መዛባት፣ ካንሰር፣ የጥርስ ችግር፣ ወይም ብቸኝነትና ኀዘን ሊሆን ይችላል። ‹‹እርጅና ነው›› የሚለው መልስ ከምርመራ በኋላ እንጂ ከምርመራ በፊት ሊሰጥ አይገባውም።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በቦስተን በተደረገ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 90 የሆነ አቅመ ደካማ አረጋውያን ለ8 ሳምንታት በእግራቸው ክብደት የማንሣት ልምምድ አድርገው የጡንቻቸው ብርታት ከእጥፍ በላይ ጨምሯል። ጡንቻ ለሥራ የሚታዘዘው በወጣትነት ብቻ አይደለም። ከወንበር ላይ ያለ እጅ ድጋፍ ደጋግሞ መነሣትና መቀመጥ ገንዘብ የማይጠይቅ ልምምድ ነው።

በቤታችን የምንሠራው ሙከራ

የሰውነትን ክብደት በሜትር በተለካ ቁመት ሁለት ጊዜ ማካፈል የተለመደ መለኪያ ነው። ቀመሩን በ19ኛው ምዕተ ዓመት ያቀረበው ቤልጂጋዊው የሥነ ፈለክና የሒሳብ ሊቅ አዶልፍ ኬትሌ ሲሆን፣ ውጤቱ ለአዋቂዎች ከ18.5 እስከ 25 ባለው ውስጥ ሲሆን መልካም ይባላል። ነገር ግን ይህም ቀመር ጡንቻን ከስብ አይለይም፤ ቁመት በእርጅና ጥቂት ስለሚያጥርም በአረጋውያን ላይ ያሳስታል።

ስለዚህ ቀላል ሙከራ እንጠቁም። ከራስ ጠጉር እስከ ተረከዝ ቁመታችሁን የሚያህል ክር ቁረጡ። ክሩን ለሁለት እጠፉት። የታጠፈው ክር በእምብርት ትክክል ወገባችሁን ዞሮ ከተገናኘ መልካም ነው። ካልተገናኘ ስቡ በሆድ ዕቃ ዙሪያ እየተከማቸ ነውና፣ ሚዛኑ ምንም ይበል ምን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሚዛንም የምትጠቀሙ ከሆነ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ጠዋት ከምግብ በፊት፣ በቀላል ልብስ ተመዘኑ። በውኃና በምግብ ምክንያት ክብደት በአንድ ቀን ውስጥ በአንድ ወይም በሁለት ኪሎ ግራም ሊዋዥቅ ስለሚችል፣ የአንድ ቀን ቁጥር አያስደስታችሁ፤ አያስደንግጣችሁም። የሳምንታቱን አማካይ መዝግባችሁ አካሄዱን ተመልከቱ።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከትነውን ስናጠቃልል፣ ከ20 እስከ 60 ዓመት የሰውነት እሳት አይደክምም፤ በዚህ ዘመን የምንጨምረው ክብደት በአብዛኛው የሚመጣው ከተለወጠው አኗኗራችን ነው። የተለወጠውንም በከፊል መመለስ ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ ይመክራል፤ ከሳምንቱ አምስት ቀን ለግማሽ ሰዓት በእግር የሚሄድ ሰው የመጀመሪያውን ይሞላል። ከስድሳ በኋላ ደግሞ ጡንቻን መጠበቅና ያለ ምክንያት የሚቀንስን ክብደት በንቃት መከታተል ይበልጥ ያስፈልጋል።

በባህላችን ‹‹ወፈርህ›› ማለት ሙገሳ፣ ‹‹ከሳህ›› ማለት ሐዘኔታ ሆኖ ኖሯል። ረኀብን በተደጋጋሚ ላየ ሕዝብ ይህ የሚያስገርም አይደለም። አሁን ግን ሁለቱንም ከመናገራችን በፊት ‹‹በስንት ዓመቱ? በምን ምክንያት? በምን ያህል ጊዜ?›› ብለን እንጠይቅ። እኛም ከአራት ኪሎ ወደ ካዛንቺስ የሚወስደውን መንገድ በሳምንት ጥቂት ቀናት እንደገና በእግራችን ጀምረነዋል። ክብደታችን ወደ 58 አልተመለሰም፤ እንዲመለስም አንጠብቅም። የታጠፈው ክር ግን ወገባችንን ዞሮ ተገናኝቷል።